ከትንንሽ ልጆች ጋር አዲስ አበባን መጎብኘት፦ የትኛው ሙዚየም፣ የትኛው ፓርክ፣ ለየትኛው ልጅ?

ባለፈው ክረምት እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአሜሪካ መጣች። ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። አዲስ አበባ የሚቆዩት አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወደ አያታቸው ወደ ሐዋሳ ይወርዳሉ። የኔ ልጅ ደግሞ ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስቱን ይዘን የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ ብለን ወጣን።

ስምንት ሰዓት ላይ ትንሿ አስፋልት ዳር ቁጭ አለች። "አልሄድም" አለች። ምሳዋን በቅጡ አልበላችም፣ የእንቅልፍ ሰዓቷ አልፏል፣ እግሯ ደክሟል። እናቷ ብታባብላት፣ እኔ ኬክ ልግዛልሽ ብላት፣ ወይ ፍንክች። ትልቁም አኮረፈ። ራይድ ጠርተን ወደ ቤት ተመለስን። አንበሳ እናሳያችኋለን ብለን ቃል የገባንላቸው ልጆች አንበሳ ሳያዩ ተኙ።

በቀጣዮቹ ቀናት አካሄዳችንን ቀየርን። የትኛው ቦታ ታዋቂ ነው የሚለውን ትተን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርን። ስንት ሰዓት በእግር ያስኬዳል? ልጁ መሮጥ የሚችለው የት ነው? ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው? ምሳ የት እንበላለን? ዝናብ ቢመጣስ? ከዚህ በታች የምጽፈው ቦታዎቹን በነዚህ ጥያቄዎች እያነጻጸርኩ ነው። ከክፍለ ሀገር ለምትመጡም፣ ከውጭ ለእረፍት ለምትገቡም፣ እዚሁ ኖራችሁ "እስቲ ልጆቹን የት ልውሰድ?" ለምትሉም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ብሔራዊ ሙዚየም ወይስ ስድስት ኪሎ ያለው?

አብዛኛው ሰው አንድ ሙዚየም ብቻ የማየት ጊዜ ካለው ብሔራዊ ሙዚየምን ይመርጣል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወጡ መንገድ ላይ ነው። ሰው የሚሄደው ድንቅነሽን (ሉሲን) ለማየት ነው፤ ልክም ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች እናታችን ናት። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ መገኘቱ ነው ዓለምን ያስደነቀው።

ግን ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ ብትነግሩት ምንም አይገባውም። ሚሊዮን ማለት ለሱ "ብዙ" ማለት ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከድንቅነሽ ቅጂዎች አንዱ የተኛ ነው፣ ሌላው የቆመ። ልጁን የቆመው አጠገብ አቁሙት። ድንቅነሽ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። ልጃችሁ አራት ወይም አምስት ዓመት ከሆነው እኩያዋ ይሆናል። "አየህ፣ ትልቅ ሰው ሆናም ያንተን ያህል ነበረች" በሉት። ያኔ ዓይኑ ይፈጣል።

ከዚያ ሰላም ወደምትባለው የሕፃን ቅሪተ አካል ውሰዱት። ለትንንሽ ልጆች ከድንቅነሽ ይልቅ የምትስበው ሰላም ናት፤ ብዙ ወላጅ ግን ሳያያት ያልፋል። ሰላም በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ በሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ተገኘች። ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ሕፃን ናት። የእህቴ ልጅ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። "ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ። "ሦስት" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እኔ አራት ነኝ። እበልጣታለሁ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ "እናቷስ የት ሄደች?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን እስከ ማታ ድረስ ስለ ሰላም ስታወራ ነበር።

አንድ ነገር ላርም። ሰላምን "የሉሲ ልጅ" የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናት ድንቅነሽን በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማታለች። ልጅ ልትሆናት አትችልም። ስምንት ዓመት ለሞላው ልጅ ይህን እንቆቅልሽ አድርጋችሁ ብትጠይቁት በጣም ደስ ይለዋል።

ታችኛው ፎቅ ላይ የቅሪተ አካሉን ክፍል፣ ከላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትልቅ የእንጨት ዙፋን ካያችሁ ለትንንሾቹ ይበቃል። ሥዕሎቹና ሌሎቹ ክፍሎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አታስገድዷቸው። ሁሉንም እንይ ማለት የኛ የትልልቆቹ ፍላጎት ነው።

አሁን ስድስት ኪሎ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ሕንፃ ላይ ያለው ሙዚየም ነው። ሕንፃው ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። መኝታ ቤታቸውና መታጠቢያ ቤታቸው አሁንም ይጎበኛል። ልጆች የንጉሥ መታጠቢያ ገንዳ ማየት ይወዳሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይወዳሉ።

ይህን ሙዚየም ለልጆች ምርጥ የሚያደርገው ዕቃው የተደረደረበት መንገድ ነው። በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልተከፋፈለም። የሰውን ልጅ ዕድሜ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ስለዚህ ልጃችሁ ገና ሲገባ የሚያገኘው የልጆችን ዓለም ነው። ልጅ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚታዘል፣ ምን እየተጫወተ እንደሚያድግ ያያል። ከውጭ የመጣ ልጅ ከሆነ ደግሞ "እማዬ ትንሽ ሆና እንዲህ ነበር የምትጫወተው" የምትሉበት ቦታ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት። በቴሌቪዥን ያያቸውን ነገሮች በቅርብ ሲያይ ስማቸውን ይጠራል።

ውጭ ደግሞ ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ነው። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብለው ነው የሠሩት። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹን "ስንት ደረጃ ነው? ቁጠሩ" በሏቸው። ከዚያ "ለምን እዚህ ላይ ቆመ?" ብላችሁ ጠይቁ። የኔ ልጅ "ስለተሸነፉ" አለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት አላውቅም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ከልጆች ጋር ከሆናችሁና አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ የኔ ምርጫ ስድስት ኪሎ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ልጁ ወጥቶ ይሮጣል። ታሪኩ ከራሱ ሕይወት ይጀምራል። ብሔራዊ ሙዚየምን የምመርጠው ልጁ ስድስት ዓመት ካለፈውና ስለ ድንቅነሽ ትምህርት ቤት ሰምቶ ከሆነ ነው። ሁለቱ ለመኪና ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል ትሉ ይሆናል። ይቻላል፣ ግን በመሐል ምሳና ዕረፍት ካለ ብቻ። እኛ የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሦስተኛ ልጨምር። አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ተፈጥሮ ሙዚየም አለ። ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ወፎች፣ እባቦች፣ የዱር እንስሳት ደርቀው ተቀምጠዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እንስሳ ለሚወድ ልጅ፣ በተለይ ዝናብ ቀን፣ ጥሩ ማምለጫ ነው።

አንድነት ፓርክ ወይስ እንጦጦ?

ሁለቱም ሰፊ ናቸው፣ ሁለቱም ከተከፈቱ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። አንድነት በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው የተከፈቱት። ግን በጣም የተለያዩ ናቸው።

አንድነት ፓርክ ምኒልክ የጀመሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የግብር አዳራሹ፣ የዙፋን ቤቱ፣ እንቁላል ቤቱ፣ የክልሎች እልፍኞች፣ አትክልቱ፣ ከዚያ የእንስሳቱ ማቆያ አለ። ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶቻችን እዚያ ናቸው። በአንድ ትኬት ታሪክም፣ አራዊትም፣ አረንጓዴም ታገኛላችሁ። ችግሩ እግር ነው። ግቢው ዳገትና ቁልቁለት አለው። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ቤተ መንግሥት ነውና። ሰልፍ ከኖረ ትንንሾቹ ገና ሳይገቡ ይሰለቻሉ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት አስገቧቸው፣ አብሏቸው፣ የሚነካኩት ትንሽ መጫወቻ ስጧቸው።

ውስጥ ስትገቡ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ በልጁ ዕድሜ ወስኑ። ልጁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ በቀጥታ ወደ አንበሶቹ ሂዱ። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አንበሳ ይንቀሳቀሳል፤ ፀሐይ ሲጠነክር ተኝቶ ነው የምታገኙት። አንበሳውን ካየ በኋላ የቀረው ቢቀርም አይቆጨውም። ከስድስት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ተገላቢጦሽ አድርጉት። ግብር አዳራሹን ቀድማችሁ አሳዩት። "እዚህ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር" በሉት። አንበሳው መጨረሻ ላይ እየጠበቀው ስለሆነ ይታገሳችኋል።

የዙፋን ቤቱ ምድር ቤት የደርግ ዘመን እስረኞች የነበሩበት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለሥልጣናት ብዙዎቹ እዚህ ግቢ ውስጥ ነበር የታሰሩት። ድንቅነሽ የተገኘችው በማግስቱ ነው። ይህን ሳስበው ሁሌም አንድ ነገር ይሰማኛል። ለትንንሽ ልጆች ግን አይሆንም። አንዳችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጭ ቆዩ፣ አንዳችሁ ገብታችሁ እዩ፣ ከዚያ ተቀያየሩ።

እንጦጦ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጫካ ነው። ባሕር ዛፍ ይሸታል። ብስክሌት አለ፣ ፈረስ አለ፣ ልጆች የሚንጠላጠሉበት ገመድ አለ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ በገመድ ተንሸራቶ መውረድ አለ። "አትንካ፣ አትሩጥ፣ አትጩህ" የማትሉበት ቦታ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሙዚየም ውስጥ ታፍኖ የከረመ ልጅ እንጦጦ ሲደርስ ይፈታል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ ከፍታው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ ከተማ የመጣ ልጅ ትንሽ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ሊያመው ይችላል። ስለዚህ በመጣችሁ በመጀመሪያው ቀን አትውጡ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ አድርጉት። ውሃ በደንብ አጠጧቸው። ሁለተኛ ብርዱ። ከተማው ፀሐይ ቢሆንም ጃኬትና ኮፍያ ያዙ።

ብርዱን ግን ወደ ታሪክ መቀየር ይቻላል። ምኒልክና ጣይቱ ከተማቸውን መጀመሪያ የሠሩት እዚህ ተራራ ላይ ነው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ፤ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ልጆች ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅና እብነ በረድ ነው የሚጠብቁት። "ይሄ ነው?" ይላሉ። ከዚያ እየተንቀጠቀጡ ሳሉ ንገሯቸው። ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ታቹ ሞቃት ነው፣ ሜዳ ነው፣ አበባ አለ። "እዚህ ቤት ይሠራልኝ" አሉ። አዲስ አበባ እንዲህ ተጀመረች። የእህቴ ልጅ፣ ትልቁ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ "እኔም እወርድ ነበር" አለ።

ለምርጫው፦ አንድ ትልቅ ቀን ካላችሁና ልጆቹ ከአምስት በላይ ከሆኑ አንድነት። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ወይም ጉልበታቸው ከሞላ እንጦጦ። ወጪ የምታስቡ ከሆነ እንጦጦ ላይ መግባቱ ሳይሆን ውስጥ ያለው ጨዋታ ነው ገንዘብ የሚወስደው። ፈረስ፣ ብስክሌት፣ ምግብ፣ ሦስት ልጅ ሲሆን ይደመራል። ከቤት ስትወጡ "ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ትመርጣላችሁ" ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከሁለቱም ያነሰ ነገር ከፈለጋችሁ ወዳጅነት ፓርክ አለ። ሰው ሠራሽ ሐይቅና ፏፏቴ አለው፣ ሜዳ ነው፣ ሕፃን ጋሪ እንደ ልብ ይገፋል። የሁለት ዓመት ልጅ ላለው ሰው ከሁሉም በፊት የምመክረው ይህንን ነው።

የሳይንስ ሙዚየም ወይስ የዓድዋ ድል መታሰቢያ?

የሳይንስ ሙዚየም በ2015 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። አንዱ ሕንፃ ቀለበት ይመስላል፣ ሌላው ጉልላት ነው። ልጆች ከውጭ ሲያዩት "የጠፈር መርከብ" ይላሉ። ስክሪንና ሮቦት ለሚወድ ልጅ ጥሩ ነው። ግን የሚታየው ነገር ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንዳለ ጠይቁ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብዙውን አይረዳውም። ጉልላቱ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ ደግሞ ጨለማ የሚፈራ ልጅ ይዛችሁ ስትገቡ መውጫው አጠገብ ተቀመጡ።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደሆነ በሐውልት፣ በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ ይነግራል። ግዙፍ ነው። ትንንሽ ልጅ መጀመሪያ ላይ ይደነቃል፣ ከዚያ ይጠፋበታል። ታሪኩ ብዙ ነው፣ ስሙም ብዙ ነው።

እኛ ያገኘነው ዘዴ የፈረስ ስም ነው። ጀግኖቹ ሁሉ የፈረስ ስም ነበራቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ከመግባታችን በፊት ለልጆቹ ነገርናቸውና "እናንተስ ምን ትባላላችሁ?" አልናቸው። ትልቁ አባ መብረቅ ሆነ። የኔ ልጅ ግን ጣይቱ ካልሆንኩ አለች። ትንሿ ለረጅም ጊዜ አሰበችና "አባ ሙዝ" አለች፤ ሙዝ እየበላች ነበር። ውስጥ ሐውልቶቹን ሲያዩ "ይሄ አባ ማን ነው?" እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩ። ስትወጡ ደግሞ አራዳ ጊዮርጊስ ጋ የምኒልክ የፈረስ ሐውልት ቅርብ ነው። ጣሊያን ከቦታው አንስቶት እንደነበርና ከነጻነት በኋላ እንደተመለሰ ንገሯቸው። ስድስት ኪሎ ደረጃውን የቆጠረ ልጅ ሁለቱን ታሪኮች ራሱ ያገናኛቸዋል።

ከሁለቱ ዓድዋን እመርጣለሁ፤ በተለይ ልጁ ከውጭ የመጣ ከሆነ። ሳይንስ ሙዚየም እሱ ባለበት አገርም ይኖራል። ዓድዋ ግን እዚህ ብቻ ነው። እዚሁ ለሚያድግና ዓድዋን በየዓመቱ ትምህርት ቤት ለሚያከብር ልጅ ደግሞ ሳይንሱን መምረጥ ይቻላል።

አንድ ቦታ ግን በግልጽ አትሂዱ እላለሁ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም። ሁላችንም ልናየው የሚገባ ቦታ ነው። ነገር ግን የሰው አጥንትና የራስ ቅል፣ የሟቾች ፎቶና ልብስ ነው ያለው። ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ሌሊት ይባንናል። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ሲሆነው አብራችሁት ሂዱ።

ዝናብ፣ አንቀልባ፣ መታወቂያ

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ላይ ስለሆነ ዝናቡ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይገለጥና ከሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ፓርኩን ጠዋት፣ ሙዚየሙን ከሰዓት አድርጉ። እኛ መጀመሪያ ቀን ያደረግነው ተቃራኒውን ነው። በጋ ከሆነ ደግሞ የተማሪዎች ጉብኝት አለ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ብትደርሱ ከአውቶቡሶቹ በፊት ትገባላችሁ።

ጋሪ ወይስ አንቀልባ? እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችውን ጋሪ ሁለተኛ ቀን ቤት ጥላው ወጣች። የእግረኛ መንገዱ የተቆፈረ ነው፣ ሙዚየሞቹ ደረጃ አላቸው። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አንቀልባ ወይም ደረት ላይ የሚታሰረው ይሻላል። ጋሪ የሚያስፈልጋችሁ ወዳጅነትና አንድነት ላይ ነው፤ አንድነት ላይም ዳገቱን የሚገፋ አባት ካለ።

መታወቂያ ያዙ። ዩኒቨርሲቲውም ቤተ መንግሥቱም በር ላይ ይጠይቃሉ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው የተለያየ ስለሆነ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ቤት ጥላችሁ እንዳትወጡ። ክፍት መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ፤ በዓል ወይም ስብሰባ ሲኖር የሚዘጋ ቦታ አለ።

ምግብ ይዞ መግባት ሊከለከል ይችላል። ቢሆንም ቦርሳ ውስጥ ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎና ውሃ ይኑር፣ በር ላይ ወይም መኪና ውስጥ ይበሉታል። አንድ ቅያሪ ሱሪና ሶፍት ሁሌም ያዙ። "ሽንቴ መጣ" የሚለው ቃል የሚመጣው ሽንት ቤቱ በጣም ሩቅ ሲሆን ነው።

ሦስት ቀን ብቻ ቢኖራችሁ

ልጆቹ ከአራት እስከ ሰባት ከሆኑ እንዲህ አደርገው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስድስት ኪሎ ሙዚየሙን፣ ግቢው ውስጥ ሩጫ፣ ምሳ፣ ከዚያ ቤት ገብቶ እንቅልፍ። ከሰዓት ምንም የለም። ሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድነት፣ አንበሳ ቀድሞ። ከሰዓት ጉልበት ከተረፋቸው ብቻ ብሔራዊ ሙዚየም ለአንድ ሰዓት፣ ሰላምን ለማየት። ሦስተኛው ቀን እንጦጦ ሙሉ ቀን፣ ወይም ዓድዋና ፒያሳ።

ከሦስት ዓመት በታች ከሆኑ ሙዚየሙን ተዉትና ወዳጅነትን፣ እንጦጦን፣ አንበሳውን ብቻ አሳዩአቸው። ሙዚየሙ የትም አይሄድም። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ደግሞ ብሔራዊ ሙዚየምና ዓድዋን አትዝለሉ። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ካሉ፣ እንደኛ፣ አዋቂዎቹ ተከፋፈሉ። እህቴ ትልቁን ይዛ ሥዕሎቹ ክፍል ስትገባ እኔ ሁለቱን ሴቶች ይዤ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ሁላችንም ደስ ብሎን ተገናኘን።

አራተኛ ቀን ካገኛችሁ፦ ቢሾፍቱ ወይስ ጢያ?

ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ ሆራና ባቦጋያ ሐይቆቹ አሉ፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ውሃ ያያሉ። ደክሟችሁ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጆቹ ገና ጉልበት ካላቸው ግን በቡታጅራ መንገድ ውጡ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬ አለ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትንንሽ ጎጆ ቤቶች ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪተ አካላት ታያላችሁ። ጎጆዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ልጅ ሳይሰለች ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። በዚህ ሥፍራ ተመራማሪዎች የ700 ሺህ ዓመት የእግር ዱካ አግኝተዋል። የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የልጆችም፣ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናትም ዱካ አለበት። ትልልቆቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ልጆቹ አጠገባቸው እየረገጡ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ቀጥላችሁ ጢያ ትደርሳላችሁ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ። ልጆቹን ሰይፍ አስቆጥሯቸው።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። ቁርሱን መኪና ውስጥ ያድርጉት። መጀመሪያ ጢያ፣ ስትመለሱ መልካ ቁንጥሬ፤ ከዝናቡ በፊት ሜዳውን ትጨርሳላችሁ። እኛ ስንሄድ ዝናቡ ቀድሞ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነበር። ትንሿ የእግር ዱካውን ታሪክ እንደሰማች ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ አንድ ጊዜ ረገጠች። ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ከዚያ ወንድሟን ጠርታ "አንተም ከኔ አጠገብ" አለችው።